የተወቀጠ ገል

ነገሩ አርባ ዓመት አልፎታል። ይገዙ ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ወላይታ አገር፣ አባቱ ግቢ ውስጥ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ሲጫወት፣ ገንቦና ድስት በጀርባዋ ያዘለች ሴት ከበሩ ውጪ ቆማ ውኃ ጠየቀች። እናቱ በቅል ቀድታ መሬት ላይ አስቀመጠችላት። ሴትዮዋ አንስታ ጠጣች፤ መልሳ መሬት ላይ አኖረችው። ገና ሳትርቅ አባቱ «ያንን ቅል ስበረው፣ ሰው እንዳይጠጣበት» አለው። ሴትዮዋ ሰማች። ዞር አለችና አንድ ነገር ተናገረች።

ምን እንዳለች ይገዙ አያስታውስም። የሚያስታውሰው፣ ድምፅዋ ላይ ቁጣ እንዳልነበረና፣ ለሰው መልስ አጥቶ የማያውቀው አባቱ ከዚያ በኋላ ዝም ማለቱን ነው። ስንት ጊዜ ሊያስታውሰው ሞክሯል። አፏ ሲንቀሳቀስ ይታየዋል፤ ቃሉ ግን አይመጣለትም።

ከዚያ ወዲህ መስማት እንጀራው ሆነ። ዓለም ገና፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ያለ ትምህርት ቤት በር ላይ ጥበቃ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የጥበቃ ቤቷ ከአምስተኛ ክፍል መስኮት ሥር ናት። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠውን ትምህርት በዚያ መስኮት በኩል ጨርሷል ማለት ይቻላል፤ ክፍልፋዩን፣ የደም ዝውውሩን፣ አፋን ኦሮሞውን ሳይቀር። መምህራኑ «ኦቦ ይገዙ» ይሉታል፣ ልጆቹ «ጋሼ»። እሑድ እሑድ ደግሞ የአገሩ ልጆች በሚያመልኩባት ቸርች ሽማግሌ ነው። ሲጸልይ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

ሰኞ ዕለት ከልጆቹ የተሰማው ድምፅ ግን ትምህርት አይመስልም ነበር። የውኃ ቧንቧ ሊቀብሩ ግቢውን የቆፈሩ ሠራተኞች ከሥር ጥቁር፣ የሚያጣብቅ አፈር አውጥተው ከምረዋል። የአካባቢ ሳይንስ መምህርቷ ደራርቱ፣ የዕለቱ ትምህርት ስለ አፈር ዓይነቶች ስለነበር፣ ልጆቹን ይዛ ወጣችና እያንዳንዱ እፍኝ እፍኝ እንዲይዝ አደረገች። ሌሎቹ ኳስና እባብ ሲያድቦለቡሉ፣ ኤልሳቤት የምትባለው ልጅ ቁጢጥ አለች። ጭቃውን በቡጢዋ አጎደጎደችው፤ በአንድ እጇ ከውስጥ እየገፋች፣ በሌላው ከውጪ እየደገፈች ታዞረው ጀመር። ይገዙ ከበሩ ሆኖ ያያል። ግድግዳው ተነሣ፣ ሆዱ ተነፋ፣ አንገቱ ጠበበ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትንሽ ገንቦ መዳፏ ላይ ቆመ።

ክፍሉ በሙሉ ከበባት። ማን አስተማረሽ ሲሏት አያቴ ናት አለች፤ ክረምት አገር ቤት ስትሄድ። ጭቃ ብቻውን እሳት ሲነካው እንደሚሰነጠቅ፣ አያቷ ግን የተሰበረ ሸክላ፣ ገሉን፣ ወቅጣ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ስለምታቦካው እንደማይሰነጠቅ አስረዳቻቸው። ደራርቱ እጇ ጭቃ መሆኑን ረስታ ፀጉሯን ነካች።

በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤቱ ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን የሚዘጋጅበት ጊዜ ነበር። እንደየዓመቱ ቢሆን የባህል ልብስ ይከራያሉ፣ ልጆቹ ይለብሳሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ልብሱ ይመለሳል። አምና ሞቲ የሚባለው ልጅ የማን እንደሆነ ያላወቀው ልብስ ደርሶት ቀኑን ሙሉ ሲያሳክከው ዋለ። ደራርቱ እዚያው ጭቃው ላይ ቆማ ወሰነች፤ ዘንድሮ ልብስ የለም። ዓርብ ዕለት ወላጅ መጥቶ የሚያውቀውን ያስተምራል፤ የመጀመሪያዋ የኤልሳቤት እናት ናት። እናንተም ከየቤታችሁ የተሰበረ ሸክላ አምጡ፣ ሁሉንም ወቅጠን አንድ ጭቃ እናደርገዋለን አለቻቸው።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ የነበረውን ግርግር ይገዙ በአሥራ ሁለት ዓመት አላየም። ልጆቹ ከደወሉ ግማሽ ሰዓት ቀድመው መጡ። በፌስታል፣ በደብተር መያዣ፣ በሹራብ ጠቅልለው። ሞቲ ተፍኪ ካለችው አያቱ ቤት የጋን ቂጥ በባጃጅ አስጭኖ መጥቷል።

«ጋሼ፣ ቀስ፣ እንዳይሰበር» አለ ሲያወርዱለት።

«የተሰበረው ነገር?» አለው ይገዙ፤ ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ።

ጂጂ የድስት ጆሮ አመጣች፤ እናቷ ድስትን በኦሮምኛ «ኦኮቴ» እንደምትል ነግራው አለፈች። ዲኖ የጡብ ስባሪ ይዞ መጥቶ ይሄም ሸክላ ነው ብሎ ተከራከረ። ሉብና ደግሞ፣ ጓደኞቿ እንዳጋለጧት፣ የተሰበረ ብታጣ ደህናውን ሰብራ ነው የመጣችው። ይገዙ እያንዳንዱን ተቀብሎ ከግድግዳው ሥር ሲደረድር፣ ቀዩ ከጥቁሩ፣ ጌጥ ያለው ከሌለው ጋር ሲቀላቀል፣ እሱንም እንደ ልጆቹ ደስ ደስ ይለው ነበር።

ኤልሳቤት መጨረሻ መጣች። ባዶ እጇን ነበረች።

«ገልሽስ?» አላት ሞቲ።

«የለኝም። አያቴ ሸክላ አትሠራም። ትናንት ዋሽቼ ነው።»

«ታዲያ ገንቦውን ማን ሠራው፣ ጂን?» አለች ሉብና። ሳቁ። አንዱ ከኋላ ውሸታም አለ፤ ሌላው ተቀበለው። ኤልሳቤት ሁሉም እስኪገቡ ጠበቀችና ወደ ይገዙ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ እማዬ ናት እንዲህ በይ ያለችኝ። አሁን ነው የዋሸሁት ወይስ ትናንት?»

ይገዙ ወደ ክፍሏ በእጁ አመለከታት። «ግቢ፣ ተደውሏል» አላት።

እሱ እኮ ያውቃል። የልጅቷን እናት ጥሩዬን ያየ ዕለት፣ የተወለደችበትን ሰፈር ስም ስትጠራ ነበር ያወቀው። እዚያ ሰፈር የሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። አገር ቤት ዕቃቸው ከቤት ይገባል፣ እነሱ ከበር ይመለሳሉ፤ ከእነሱ ጋር አይጋቡም፣ በአንድ ዕቃ አይጠጡም። ጥሩዬ ይህን ሁሉ ጥላ መጥታ ብስኩት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ገባች፣ ልጇን አስተማረች፣ እሑድ በእነ ይገዙ ቸርች ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አምልካ፣ ሻይ ሳይቀርብ ትወጣለች። ይገዙ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ዝም በማለቱ የሸፈናት ይመስለው ነበር።

በእረፍት ሰዓት ደራርቱ እየተጣደፈች መጣች። ሰላምታዋ እንኳ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ አለቀ። ልጅቷ ምን ሆነች፣ ክፍል ውስጥም አያቴ ሸክላ አትሠራም አለች፣ እናቷ ትሆን ያስዋሸቻት፣ እርስዎ የአገሯ ሰው ነዎት አለችው። ይገዙ ነገሩ ይቅር፣ ሴትዮዋን ማሳፈር ነው አላት።

«ሸክላ መሥራት ምኑ ያሳፍራል?»

ነገራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ ሲወጣ ቃሉ ራሱ ከበደው። ደራርቱ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ሱሉልታ አያቴ ቤት ማረሻ የሚቀጠቅጥ ሰውዬ ነበር» አለች። «ምሳውን ደጅ ነበር የሚበላው። ልጅ ሆኜ ደጅ መብላት የሚወድ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ክፍሏ መስኮት ቀና አለች። «ኦቦ ይገዙ፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ገልብጠውታል። ፈተና ላይም ደፍነውታል። ያቺ ልጅ ግን ዛሬ አያቷን ካደች፣ እኔ ክፍል ውስጥ።»

ምክትል ርእሰ መምህሩን ኦቦ ቦጂያን ለምና አስፈቅዳለች፤ ግን የሚያስተምር ወላጅ ከሌለ ልብሱ ይከራያል፣ አከራዩም ሐሙስ ጠዋት መልስ ይፈልጋል። እኔ ብሄድ አትሰማኝም፣ እርስዎ ያናግሯት፣ ማሎ፣ ብላ ለመነችው። ይገዙ ረቡዕ ፈረቃውን ለሌላው ጥበቃ ለዳዊት ሰጥቶ ወደ ብስኩት ፋብሪካው ሄደ።

ዳዊት የሥራ ባልደረባው ብቻ አይደለም፤ ቸርች ውስጥም አብሮት ሽማግሌ ነው። ሠርግ በመጣ ቁጥር «ከየትኛው ጎሳ ናት?» ብሎ የሚጠይቅ እሱ ነው። ይገዙ ይህን ጥያቄ ሰምቶ አንድም ቀን አልተቃወመም። ይህ መንገድ ላይ ትዝ አለው።

አሥር ሰዓት ላይ የፋብሪካው በር ተከፈተና ሴቶቹ እየተንጫጩ ወጡ። ጥሩዬ ስታየው ደነገጠች።

«ልጄ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት።»

ያኔ ፊቷ ተዘጋ። ለምን እንደመጣ ገባት። ጎን ለጎን የመንገዱን ዳር ይዘው ሄዱ፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ንግግራቸው ይቋረጣል። ይገዙ ስለ ዓርቡ ትምህርት ነገራት። የልጆቹን ገል፣ የሞቲን ጋን፣ የሉብናን ደህና ድስት ሲነግራት ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ከዚያ ግን አይሆንም አለች። ነገ ልጄ አጠገብ ማን ይቀመጣል አለች። እኔ ያደግሁበትን እሷ አታይም።

«እኔ ለማንም አልተናገርኩም» አላት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የማውቀው።»

ጥሩዬ ቆመች።

«ማወቅዎትን አውቅ ነበር፣ ጋሽ ይገዙ። መቼ ይናገሩ ይሆን እያልኩ ነው ስድስት ዓመት ከኋላ የተቀመጥኩት። ሻዩን ሳልጠጣ የምወጣው ለምን ይመስልዎታል? ኩባያዬን ምን እንደሚያደርጉት ላለማየት ነው።»

ይገዙ ለሚስቱ እንኳ ያልነገራትን ነገራት። አጥሩን፣ ውኃ የጠየቀችውን ሴት፣ የአባቱን ትእዛዝ። ሴትዮዋ ዞራ የተናገረችው አርባ ዓመት ሙሉ እንደጠፋበትም ነገራት።

ጥሩዬ ሳቀች። ከልቧ ነበር የሳቀችው፤ የቀደሟቸው ሴቶች ዞር ብለው አዩ።

«እኔ ልንገርዎት ምን እንዳለች። እናቴ ትለዋለች፣ አክስቴ ትለዋለች፣ ሁላቸውም ይሉታል። ‹ውኃው የነበረበትን ገንቦስ ማን ሊሰብረው ነው?› »

ይገዙ ባለበት ቀረ። አዎ፤ ይኸው ነበር። የዚያች ሴት ድምፅ ሙሉ ሆኖ መጣለት። ከጓዳው ጥግ ያለችው፣ አንገቷ ላይ እንደ ዶቃ የተጌጠችው ገንቦ ታየችው፤ እናቱ ከዚያች ሴት እጅ ተቀብላ፣ ቤት አስገብታ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ጠዋት ማታ የጠጣባት። አባቱ ዝም ያለው ለዚህ ነው። አንድ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ አጠገቡ ሲያልፍ አልሰማውም። አርባ ዓመት የፈለገውን ዕቃ እኪሱ ውስጥ እንዳገኘ ሰው ብቻውን ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

«ቅሉንስ?» አለችው ጥሩዬ።

«ሰበርኩት።»

የባጃጅ ተራው ጋ ሲደርሱ ቆመች። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር፤ ሥራ የሚያዝ ሰው ድምፅ ሆኗል።

«ልጄን ዋሺ ያልኳት እኔ ነኝ፤ የማስተካክለውም እኔ ነኝ። ዓርብ ፈረቃዬን አስቀይሬ እመጣለሁ። ግን ጭቃው ተረግጦ፣ ገሉ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ገብቶበት መቆየት አለበት። ይሄን እኔ አልሠራም። በእኛ ቤት ጭቃ የሚረግጠው ጀማሪው ነው። እርስዎ ይርገጡት።»

«እኔ?»

«እርስዎ። በጓሮ አይደለም፣ ልጆቹ ፊት። ወላጆቹም ይጋበዙ፤ እሑድ ፊት ወንበር አብረዎት የሚቀመጡትም ይምጡና ይዩ። ማን አስተማረህ ካሉ ስሜን ይጥሩ፤ የእናቴንም ሰፈር።»

ይገዙ ዳዊት ታየው፤ ከበሩ ቆሞ፣ ሽማግሌው ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ሲረግጥ ሲያይ። በሚቀጥለው እሑድ የሚባለው፣ የሚንሾካሾከው ሁሉ ተሰማው። ከዚያ የኤልሳቤት ጥያቄ መጣበት፤ አሁን ነው የዋሸሁት ወይስ ትናንት። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አጭር ጸሎት ጸለየ። እግዚአብሔር ራሱ ሰውን ሲያበጅ አፈር መንካቱን አልተጸየፈም፤ እኔ ማን ነኝ አለ በልቡ።

«በስንት ሰዓት ልጀምር?»

«ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ። ጫማ አውልቀው።»

«እሺ።»

ባጃጁ ውስጥ ከገባች በኋላ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ስሠራ ውኃ ይጠማኛል።»

«ከእኔ ኩባያ ትጠጫለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሳላጥበው እኔ እጠጣበታለሁ» አለ ይገዙ፤ «ዳዊት እያየ።»