የመርቆሬዎስ ግራ ዓይን

ለተሥላሴ ወረቀቱን ከጣውላው ላይ በሁለት እጇ ቀስ ብላ ላጠችው። ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ሠዓሊው አለቃ ገብረ አምላክ ከነብትራቸው ገቡ።

"እስቲ ጀግናችንን አሳዩኝ።"

ጀግናው፣ አለቃ በጎልማሳነታቸው በእርሳስ የነደፉት ቅዱስ መርቆሬዎስ ነው። ምስጥ የንድፉን ጠርዝ ቢበላው፣ የለተሥላሴ ልጅ ፀደይ ሥዕል ተምራ ሰቆጣ ስትመለስ በእንጨት ላይ ቀርጻ፣ እያተመች ልታባዛው ተነሣች። አንዱ ጣውላ ጥቁሩን መስመር ያትማል፤ ሌላው ጠቆር ያለውን ቡናማ ጥላ። ብርሃኑ እንጨቱ ተፍቆ የጎደለበት ቦታ፣ የወረቀቱ ንጣት ነው። የጥላውን ጣውላ የቀረጸችው ለተሥላሴ ናት። አምና በጎልማሶች ትምህርት እርሳስ የለመደ እጇ መሮም አላቃተውም።

አለቃ ይህን ከወደዱ የቀሩትን ንድፎች ሁሉ ይሰጧቸዋል። ካልወደዱ ሥራው ያበቃል፤ ፀደይም እንደ ጓደኞቿ ለሥራ ጅዳ ትሄዳለች። ወደዚያ የሚልከው ደላላ ደጋግሞ እየመጣ ነው።

አለቃ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት።

"ፈረሱስ ፈረስ ነው፤ ደረቱ ያበራል።" ጣታቸውን ወደ ቅዱሱ ፊት ጠቆሙ። "ግራ ዓይኑ የት ገባ?"

"ጥላው ውስጥ ነው፣ አለቃ" አለች ፀደይ። "ብርሃኑ በአንድ ወገን ስለሚመጣ..."

"በአንድ ዓይን የሚሣለው ከሓዲ ነው! በጦር ተወግቶ ከታች የወደቀውን ንጉሥ ዑልያኖስን እዪው፤ ፊቱን በጎን የነደፍኩት ለዚሁ ነው። አሁንማ ወጊውም ተወጊውም ዑልያኖስ ሆኑ!"

ፀደይ ሳቋ አመለጣት። ለተሥላሴ ግን ወደ አለቃ ቀረበች።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ አለቃ። እንዳላበላሸው ፈርቼ ግማሽ ፊቱን ሳልነካ ተውኩት።"

"ካልነካሽውማ እንጨቱ አለ። ፋቂው እንጂ!"

"እጄ ቢስትስ? ሌላ ጣውላ የለንም።"

"አምጪው እማ፣ እኔ ልሥራው" አለች ፀደይ እጇን ዘርግታ።

ለተሥላሴ መሮውን ልትሰጣት አለችና መለሰችው።

"አንቺ ወረቀት አርጥቢ። እኔ ያጨለምኩትን እኔው አበራዋለሁ።"

ጣውላውን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። ሲታተም ስለሚገለበጥ እንጨቱ ላይ ግራው ቀኝ ነውና ቦታውን በጣቷ ዳሰሰች፤ ዓይኑን በእርሳስ ከበበችው።

"አለቃ፣ እርስዎ በሩ ላይ ይቀመጡልኝ። ደላላው ከመጣ፣ ፀደይ ሥራ ይዛለች ይበሉት።"

አለቃ ብትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። የመጀመሪያዋ ስንጣሪ ወለሉ ላይ ወደቀች።