መብረር ያማራቸው

መምህሩ የቻይናን ጥንታዊ ኩንግ ፉ ለማስተዋወቅ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ፣ የላከው ማኅበር ሰፊ አዳራሽ ቃል ገብቶለት ነበር። የተሰጠችው ግን ከአናጢ ቤት በላይ ያለች፣ ታች መጋዝ ሲጮኽ ወለሏ የሚንቀጠቀጥ ክፍል ናት። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን አርባ ሰው ተመዘገበ። አርባውም የመጣው ለመብረር ነው።

«መምህር፣ ግድግዳ ላይ መሮጥ የምንጀምረው መቼ ነው?» አለ ከመካከላቸው አንድ ፀጉር አስተካካይ የሁሉም አፍ ሆኖ።

መምህሩ በአገሩ ሠላሳ ዓመት አስተምሯል፤ የዚህን አገር ቋንቋ ግን የለቀመው ከአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነው። «መጀመሪያ ቁሙ» አለ።

«ቆመናል እኮ!»

«ጉልበት እጠፉ፤ ፈረስ ላይ እንዳለ ሰው። አሁን ቁሙ።»

ቆሙ። በሳምንቱም ቆሙ። ጭናቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የአንዱ አክስት በድንገት ታመመች፤ ሌላው ሥራ በዛበት። በወሩ መጨረሻ ከዚያ ሁሉ ጀግና የቀሩት ፀጉር አስተካካዩና አንዲት ጡረተኛ ነርስ ናቸው። መምህሩ ባዶውን ወለል ብቻውን ይጠርግ ጀመር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ለጉብኝት ከች ያለው በዚህ መሐል ነው።

«ሁለት ተማሪ?» አለ ቦርጩን አስቀድሞ እየገባ። «ጡብ ሰብረህ ብታሳያቸው ኖሮ ይግተለተሉልህ ነበር!»

«ጥበቡ ለጡብ አልተፈጠረም።»

«እንግዲያው እኔ አሳያለሁ!»

ቅዳሜ ሕዝብ ተጠራ፤ ክፍሏ ጢም አለች። ሊቀመንበሩ ኮቱን አወለቀ፣ አናጢው እስኪደነግጥ ጮኸና መታ። ጡቡ ደህና ነው፣ ጭረት እንኳ አልነካውም። ስለ ሊቀመንበሩ እጅ ግን እንዲህ ማለት አይቻልም። ሕዝቡ የትርኢቱ ክፍል መስሎት በጭብጨባ ቤቱን አናጋው።

«አይዞህ ልጄ» አሉት ነርሷ እጁን በሻርፓቸው እያሰሩ። «ለእንዲህ ያለው መዶሻ አለልህ።»

ሰኞ ሠላሳ ሰው መጣ። «ባለ ቦርጩ ዛሬም ይመታል?» ብለው ጠየቁ። እንደማይመታ ሲሰሙ ተመለሱ።

ፀጉር አስተካካዩ ግን ሁለት የሙያ ጓደኞቹን ይዞ ቀረ። «ቀኑን ሙሉ ቆመን ስንውል ወገባችን ይቆረጣል» አለ። «እኔን ተሽሎኛል። እነሱንም አቁምልኝ።»

እነሱ አስተናጋጆችን፣ አስተናጋጆቹም አስተማሪዎችን አመጡ። መምህሩ ለማኅበሩ «ተማሪ አሥራ አራት፤ የሚበር የለም» ሲል ጻፈ። ሊቀመንበሩም በግራ እጁ በሞነጫጨረው ደብዳቤ፣ ይህ ሁሉ የእርሱ ትርኢት ፍሬ እንደሆነ አስታወቀው። መምህሩ አንብቦ ሳቀና፣ ጉልበታቸው ወደሚንቀጠቀጥ ሰዎቹ ተመለሰ።