ከሶፋው ጋር የሄደው ግልገል

በእነ ሐናን ቤት የገባ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈተሸው በድመቶች ነው። ከገበያ የመጣ ዘንቢል መሬት ሳይነካ ሦስት ግልገሎች ዘለው ይገቡበታል፤ ሽንኩርቱ ወደ አንዱ ጥግ፣ ቲማቲሙ ወደ ሌላው ይንከባለላል። መጋረጃ ላይ ተንጠልጥለው ዥዋዥዌ ይጫወታሉ። ባለፈው ሳምንት አንደኛው ዱቄት ዕቃ ውስጥ ወድቆ ነጭ ሆኖ ሲወጣ እናቱ ሱልጣና እንኳ አላወቀችውም፤ ፀጉሯን አቁማ አባረረችው። ስሙ ኮንትሮባንድ ይባላል። ቦርሳ በሉት፣ ካርቶን በሉት፣ የታጠበ ልብስ በሉት፣ የማይደበቅበት ነገር የለም።

ስሙን ያወጡለት የሐናን አባት አቶ ሊበን ናቸው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ከበረንዳው አልፈው አይወጡም፤ መልካ ጀብዱ የተዳረችውን ትልቋን ልጃቸውን ቱሪያን ቤቷ ሄደው ካዩዋት እንኳ ሁለት ዓመት አልፏል። ሐናን ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ከአፋቸው የምትሰማው የድመቶቹን ክስ ብቻ ነው።

«ዛሬ ደግሞ ኩፊያዬን ጎትተው አልጋ ሥር ከተቱት» ይሏታል።

ክስ ይሁን እንጂ ሲናገሩት ፊታቸው ይፈካል። ጎረቤት ሁሉ «ለሰው ስጪያቸው» ሲላት ሐናን እምቢ ያለችው ለዚሁ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አሮጌውን ሶፋ ለቱሪያ ሰደዱላት። ጎረቤታቸው ሹፌሩ ዐብዲገኒ በፒክአፑ ጭኖ፣ በገመድ አስሮ፣ ሸራ አልብሶ ሄደ። ሐናን ሶፋው የነበረበትን ወለል ጠርጋ ወተት ስታቀርብ የመጡት ግልገሎች ሁለት ናቸው።

«ኮንትሮባንድስ?»

ማጠቢያ ማሽኑን ከፈተች፤ የለም። ፍሪጅ ጀርባ፣ በርሚሉ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፤ የለም። ሱልጣና ባዶው ወለል ላይ እየዞረች ትጮሃለች። አቶ ሊበን ድመቷን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና ድንገት ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሐናን! የዚያ ሶፋ ሥሩ ተቀዶ አልነበረም?»

ሐናን ክው አለች። ቀዳዳውን ታውቀዋለች፤ በጥፍራቸው የቀደዱት ራሳቸው ድመቶቹ ናቸው። ዐብዲገኒ ጋ ደወለች፤ አያነሳም። ቱሪያ ጋ ደወለች።

«ኧረ ገና ምንም አልደረሰኝም» አለች ቱሪያ።

ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባጃጅ ልትጠራ ስትሮጥ አባቷ ሽርጣቸውን አጥብቀው፣ ጫማቸውን አጥልቀው ተከተሏት።

«አባ፣ እርስዎ ይቆዩ፣ ሙቀቱ አይቻልም።»

«መንገዱን ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ግቢ!»

መልካ ጀብዱ ሊደርሱ ሲሉ ፒክአፑ መንገድ ዳር ቆሞ አገኙት። ጎማ ፈንድቶበት ዐብዲገኒ ከክሪክ ጋር ይታገላል።

«ዋሪያ!» አሉ አቶ ሊበን ገና ባጃጁ ሳይቆም። «ሸራውን ግለጥ! ሶፋው ውስጥ ነፍስ አለ!»

ዐብዲገኒ ነፍስ ሲሉ ሰው መሰለውና ፊቱ ዐመድ ሆነ። «ወላሂ ማንንም አልጫንኩም!» እያለ ገመዱን ፈታ። ሶፋውን አውርደው ገለበጡት። ሐናን ጆሮዋን ለጠፈችበት፤ ድምፅ የለም። አቶ ሊበን ቢላ ተቀብለው የሥሩን ጨርቅ ቀስ ብለው ሰነጠቁት። ከሽቦዎቹ መሃል ኮንትሮባንድ አፉን ከፍቶ፣ ዝልፍልፍ ብሎ ተኝቷል።

ሐናን እንባዋ መጣ። አባቷ ግን ግልገሉን የባጃጁ ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ የትከሻዋን ሻርፕ ወስደው ውሃ ነከሩና መዳፉን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን ይጠርጉት ጀመር። በጣታቸው ከንፈሩ ላይ ውሃ ጠብ ያደርጉለታል።

«ጠጣ፤ ጠጣ የኔ ልጅ» ይላሉ። ሐናን ይህን ድምፃቸውን የሰማችው እናቷ ታመው በተኙ ጊዜ ነበር።

ምላሱ ተንቀሳቀሰ። አንዴ ላሰ። ደገመ። ከዚያ ጣታቸውን ጠቅ አደረገው።

«ነከሰኝ!» ብለው ጮኹ አቶ ሊበን። «አልሐምዱሊላህ፣ ነከሰኝ!»

ጣታቸውን ከፍ አድርገው ለዐብዲገኒም፣ ለባጃጁ ሹፌርም ያሳያሉ። ዐብዲገኒ ጎማው ላይ ተቀምጦ በሳቅ ፈረሰ። ሐናንም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ጎማው ተቀይሮ ቱሪያ ደጅ ሲደርሱ፣ ቱሪያ ሶፋውን ልትቀበል ወጥታ አባቷን አየች።

«አባ?» አለች።

«ድመት አመጣኝ» አሏትና ግንባሯን ሳሙ።

ባለፈው ዓመት የተወለደችውን ትንሿን የልጅ ልጃቸውን በቤቷ ሲያዩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። ምሳ ተበላ፣ አስር ሰዓት ሆነ፤ አቶ ሊበን ግን ለመነሣት አልቸኮሉም። «እኔ ዛሬ እዚሁ ነኝ» አሉ።

ሐናን ግልገሉን ታቅፋ ብቻዋን ተመለሰች። ሱልጣና ከእግር እስከ ራሱ አሸተተችው፣ በመዳፏ አንድ ጥፊ አቀመሰችው፣ ከዚያ አንገቱን ይዛ ትልሰው ገባች። ሐናን አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተዘርግታ ወደ ቱሪያ ደወለች።

«አባን አቅርቢልኝ።»

«አሁን አይመቻቸውም» አለች ቱሪያ፤ ከኋላዋ የሕፃናት ሳቅ ይሰማል። «እያወሩ ነው።»