ያለ ልጄ ያሸነፉበት ዓርብ

ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይባላል። እኔ ከተቀበረም በኋላ ትንሽ ቆሜ እጠብቃለሁ። ልጄ ጃቫሪስ በዚህ ጠባዬ እየሳቀ ነው ያደገው፤ ባለፈው መኸር ግን ሳቁ ጠፋ።

ጃቫሪስ የትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሯጭ ነው። ከፊቱ የሚሰለፉት ግዙፎች ተጋጣሚውን ገፍተው መንገድ ይከፍቱለታል፤ እሱ ኳሷን ታቅፎ በዚያ ሾልኮ ይሮጣል። እዚህ ምሥራቅ ቴክሳስ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ መውለድ ምን ማለት እንደሆነ ያልነገረኝ የለም፤ ነዳጅ ስቀዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ስገባ፣ ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ እንኳ። የዓርቡን ጨዋታ በሬዲዮ የሚያስተላልፈው ሚስተር ደብሊን፣ ይህ ቡድን ያለ ጃቫሪስ ሞተር የሌለው መኪና ነው አለ። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ ፈገግ ይልልኛል። ፈገግታ ሲበዛ እኔ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ። ዩኒቨርሲቲዎችም ሰው እየላኩ ያዩት ጀመር፤ ከወደዱት በነጻ ያስተምሩታል። እኔ የሆስፒታል አንሶላ እያጠብኩ የማገኘው ዩኒቨርሲቲ አያስገባውም፤ ተስፋችን በሙሉ እግሩ ላይ ነበር።

ታዲያ በጨዋታው ወቅት አጋማሽ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ጃቫሪስ ኳሷን በያዘ ቁጥር ሰው ክምር ውስጥ ገብቶ ይወድቃል። ፈገግ ይል የነበረው ሕዝብ ማጉረምረም ያዘ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንዱማ፣ ድሮም የተካበደ ልጅ ነው አለ፤ ዞሬ አየሁት፣ ፈንዲሻውን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ።

ጥፋተኛውን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ኮልቢ ፕሩት ነው አልኩ። ኮልቢ በግራ በኩል መንገድ የሚከፍትለት፣ ትከሻው በር የሚሞላ ልጅ ነው። በእኛ ዘንድ የሯጩ እናት ሐሙስ ሐሙስ መንገድ ከፋቾቹን ታበላለች። እኔም ዶሮ እጠብሳለሁ፣ ባቄላ በሩዝ እሠራለሁ፤ ኮልቢ ብቻውን የሁለት ሰው ይበላል። ይኸው ልጅ መምጣት አቆመ። ጓደኞቹ ሆዱን አሞት ነው አሉኝ። ኮልቢን ከማዕድ የሚያስቀር የሆድ ቁርጠት ገና አልተፈጠረም።

ምክንያቱንም ደረስኩበት። ጃቫሪስ በሬዲዮ ሲጠየቅ፣ ከፊቴ ማንም ይቁም ማን መንገዴን አላጣም ብሎ ነበር። ኮልቢ ቂም ይዞ ሆን ብሎ ተጋጣሚዎችን እየለቀቀበት ነው። ከዚያ ደግሞ ተጠባባቂው ሯጭ ዌንዴል የአሰልጣኙ ሚስት የወንድም ልጅ መሆኑ ትዝ አለኝ። ጭስ ካለ እሳት አይጠፋም። ኮልቢና አሰልጣኙ ተማክረው ልጄን እየጣሉት ነው ብዬ ደመደምኩ።

በሚቀጥለው ዓርብ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ኳሷን ሲከተል እኔ ዓይኔን ኮልቢ ላይ ብቻ ተክዬ ነበር። ኳሷ በተለቀቀች ቁጥር ወደ ልጄ ዞሮ «ግራ! ግራ!» እያለ ይጮህበታል። ደሜ ፈላ። ግን ከፊቱ የቆመውን ሰው አንስቶ ጣለው፤ የጭነት መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ተከፈተ። ጃቫሪስ ወደ ቀኝ ሮጦ ከክምሩ ጋር ተላተመ። እንደገናም እንዲሁ፣ እንደገናም። ልጄ የተከፈተውን በር ትቶ ግድግዳውን ይመርጣል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ገንዘብ ሰጥተውት ይሆን ብዬ የገዛ ልጄን ጠረጠርኩ።

ተሸንፈው ሲወጡ ኮልቢን በር ላይ ያዝኩት።

«ልጄ ላይ ምን እያልክ ነው የምትጮኸው?»

«እሱን ይጠይቁት ሚስ ቬልማ።»

«አንተን ነው የጠየቅኩት። ሐሙስስ ለምን ቀረህ? ዶሮዬ መረረህ?»

ሄልሜቱን አውልቆ መሬት መሬት አየ። «እርስዎ ቤት ቁጭ ብዬ እየበላሁ መዋሸት አቃተኝ» አለ። «አልናገርም ብዬ ምዬለታለሁ።» ከዚያ በላይ ሊተነፍስልኝ አልቻለም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ።

ሌሊቱን ያ «ግራ! ግራ!» ከጆሮዬ አልወጣም። ጠዋት ጃቫሪስ ቁርሱን ሲበላ ቀስ ብዬ በግራው ቆምኩና ብርቱካን ወረወርኩለት። ጆሮው ላይ እስኪያርፍ ድረስ አልተነቃነቀም።

«ምን ሆነሻል እማዬ?» አለኝ።

ዞሬ ከቀኝ ሌላ ወረወርኩ። ቀና እንኳ ሳይል ቀለበው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ነገረኝ። በአንዱ ጨዋታ ዓይኑ አጠገብ በሰው ጉልበት ተመትቷል። መጀመሪያ ብልጭ ብልጭ ይልበት ነበር፤ ቆይቶ ከግራ ዓይኑ ጠርዝ ጥቁር መጋረጃ ወረደበት። ኮልቢ ስለገባው፣ መንገዱ በግራ ሲከፈት እየጮኸ ይነግረዋል። እሱ ግን ወደማያየው ቦታ መሮጥ አልሆነለትም።

«እኔን እናትህን ደብቀህ?» አልኩት።

«አንድ ዓርብ ከወጣሁ፣ ያለኔም እንደሚችሉ ያያሉ» አለኝ። «ካዩ ደግሞ አለቀልኝ እማዬ።»

ልመታውም ላቅፈውም ፈለግኩ። መኪና ውስጥ አስገብቼው ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን ተላቅቋል፣ አንድ ምት ቢደገምበት ያ ዓይን ጠፍቶ ነበር አሉን። ወዲያው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አሰልጣኙ ባርኔጣውን ይዞ ሆስፒታል መጣ። ፊቱ ላይ ደስታ ፈለግኩ፤ አጣሁ። ያኔ የምወቅሰው ሰው አለቀብኝና ይበልጥ ተናደድኩ።

ዓርብ ምሽት ጃቫሪስ ሶፋው ላይ በደረቱ ተኝቶ ነበር። ዓይኑ እስኪድን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ እንዲቆይ ነው የታዘዘው። ሬዲዮውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። አልዋሽም፣ እንዲሸነፉ ጸለይኩ። የልጄን ዋጋ በውርደት እንዲያውቁት ነበር ምኞቴ።

ጸሎቴ አልደረሰም። ዌንዴል ኮልቢ በከፈተለት መንገድ ሾልኮ ሮጠ፤ እንደገናም ሮጠ። ጃቫሪስን ሊያይ ቀጠሮ የያዘው የዩኒቨርሲቲ ሰው መጥቶ ማስታወሻ እየያዘ ነው ተባለ። የሚስተር ደብሊን ድምፅ በደስታ ተዘጋ። አገሩ ይህን የመሰለ ቡድን አይቶ አያውቅም አለ። ስለ ሞተርም ስለ መኪናም አላነሳም። ሲያልቅ አሰልጣኙን አመሰገነ፣ ዌንዴልን አመሰገነ፣ ማርሽ ባንዱንና ሣር አጫጁን ሳይቀር አመሰገነ። እኔ አንድ ስም ስጠብቅ ቆየሁ።

 የጃቫሪስን ፊት እንዳላየው ወደ ታች ነው፤ የማየው ጀርባውን ብቻ።

«እማዬ፣ ስሜን ጠራ?» አለኝ።

«አንዴ ሸለብ አድርጎህ ነበር» አልኩት። «ያኔ ጠርቶሃል። ናፍቀንሃል ብሏል።»

ልጄ እኔን ነው የወጣው፤ አላመነኝም። ሚስተር ደብሊን ገና እያወራ ነበር፤ ጃቫሪስ እጁን ወደ ወለሉ ዘርግቶ እየዳሰሰ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው።