ግማሽ ማንኪያ ጨው

በ2006 ዓ.ም. ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ዓረብ አገር፣ ነሲም የሚባል ሰፈር ባለው በእነ ባባ ሷሊሕ ቤት የሾርባው ድስት ሦስት ማንኪያ ጨው ይገባበት ነበር። የባባ የደም ግፊት ደግሞ ላይኛው 168 ነበር። ሐኪሙ ጨው እንዲቀንሱ ሲነግራቸው «እሱ ሾርባ ያውቃል?» ብለው መለሱለት። ከአሁኗ ሠራተኛቸው ከሙባረካ በፊት የነበረችውን ያባረሯትም ሾርባው አልጫ ሆነ ብለው ነው።

ሥነ ምግብ የምታጠናው ልጃቸው ኑፍ ማድ ቤት ገባች።

«በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እንቀንስ። ቀስ ብሎ የተቀነሰ ጨው ምላስ እንደማይለየው በጥናት ታይቷል።»

«ጥናቱ የአባትሽን ምላስ አያውቀውም» አለች ሙባረካ። «ከነቁብን ተርሒል እስር ቤት ገብቼ አገሬ የምጠረዘው እኔ ነኝ፤ አንቺማ ልጃቸው ነሽ።»

ሆኖም ባባ ደረጃው ላይ ዞሮባቸው ግድግዳ ሲይዙ ደጋግማ አይታለችና እሺ አለች።

ረመዳን ገብቶ ጾመኛ ስለሆነች ስታበስል አልቀመሰችም፤ ማንኪያውን ብቻ አመነች። በሦስተኛው ሳምንት ጨዉ አንድ ተኩል ማንኪያ ደረሰ። የዚያን ቀን ባባ በቴምር አፍጥረው ሾርባውን አንዴ ቀመሱና ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ሙባረካ!»

ከማድ ቤት ሮጣ መጣች። «አቤት ባባ?»

«ዛሬ ምን ጨመርሽበት?»

«ወላሂ ምንም አልጨመርኩም!»

ኑፍ ሳቋን በውኃ ዋጠችው።

«የዶሮው ጣዕም ገና ዛሬ መጣ። ያላ፣ ድገሚኝ!»

በዒድ ማግስት ኑፍ ግፊታቸውን ለካች። መድኃኒታቸው አልተለወጠም፤ ላይኛው ግን 154 ነበር።