ቃሉ ከየት መጣ?

ልጄ ጸደንያ ስድስተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ገና ስፌት ላይ ነኝ፤ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ትጠብቀኛለች። ድምፄን ብትሰማ እንኳ የሳምንቱን ጥያቄ ሳልመልስ እንዳትከፍት ያዘዝኳት እኔው ነኝ። ጎረቤቶቼ ፈሪ ይሉኛል። አዎ፣ ፈሪ ነኝ! ያለችኝ አንድ ልጅ ናት።

ጥያቄውን የምትመርጠው እሷ ናት። እሁድ ዕለት እግሬን ስታጠብ፣ «ትሬሾልድ» አለችኝ። «በእንግሊዝኛ የበር ደፍ ማለት ነው። እሱንማ ማንም ያውቀዋል፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ነው የምጠይቅሽ።» ከዚያ መምህሯ የነገራትን ሁሉ ዘረዘረችልኝ። እኔ እያንቀላፋሁ እሺ፣ እሺ አልኩ።

ሐሙስ ከሀይሌ ጋርመንት በታክሲ ፉሪ ስደርስ ዝናቡ ገና አላባራም። አከራያችን እትዬ አፀደ ሀና ማርያም ለቅሶ ሄደዋል፤ ግቢው ጭር ብሏል። የውጭው በር ግን ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ወደ ቤታችን ስጠጋ ቆምኩ። ደፉ ላይ ጭቃ አለ፤ የወንድ ጫማ ዱካ፣ ትልቅ፣ ገና ያልደረቀ።

«ጸዲ!»

ጉንፋን ድምፄን ዘግቶታል፤ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ። መልስ የለም። ሰውዬው ውስጥ ቢሆንስ? አፏን አፍኖ ይዟት ቢሆንስ? በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

«ቃሉ ከየት መጣ?» አለ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ።

«እናትሽ ነኝ! ክፈቺ!»

«ቃሉ ከየት መጣ?» እያለቀሰች ነው።

ምን ነበር ያለችኝ? ያወጣሁትን ሕግ ረገምኩት። ዓይኔ ተመልሶ ጭቃው ላይ አረፈ። እንዴት አድርጎ ረግጦታል...

«መርገጥ!» ብዬ ጮህኩ። «ድሮ እህል በእግር እየረገጡ ሲወቁ፣ ከእሱ ነው የመጣው!»

«የቃሉ የኋለኛው ግማሽስ?»

«ግማሹን... ግማሹን ማንም አያውቀውም!»

መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማሁ። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ፊቴን፣ ትከሻዬን፣ እጄን እየዳሰሰች አየችኝ።

«አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር» አለች። «እናትሽን መኪና ገጭቷታል፣ ሳትሞት ድረሺባት፣ ነይ ልውሰድሽ አለኝ። መቀርቀሪያውን ይዤው ነበር።»

«እና?»

«ቃሉ ከየት መጣ አልኩት። የምን ቃል አለኝ።» እንባዋን በእጇ ጠረገች። «አልከፈትኩለትም። ግን እማዬ፣ እውነቱን ቢሆንስ እያልኩ እስካሁን ሳለቅስልሽ ነበር።»