ኳሱ ላይ ያለው ፊርማ

ኳሱ ጠረጴዛው ላይ እንደ ደረቀ ቅል ተጨማዶ ተቀምጧል። ደምሌ አጉሊ መነጽሩን አስቀምጦ ዓይኖቹን በሁለት ጣቶቹ አሸ። ከረፋድ ጀምሮ ሲያየው ውሏል። ውጭ ነፋሱ የጎረቤቱን ቆርቆሮ እያነሣ ይጥላል። ሚስማሩ የት ላይ እንደላላ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ወጥቶ የሚመታው ግን የለም።

ቆዳው ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ። የላይኛው «ለልጄ ለማንአለሽ» ይላል። የታችኛው «ይስሐቅ ረታ»። ከኳሱ አጠገብ ሦስት ፎቶግራፎች ተደርድረዋል፤ ሦስቱም የአንድ ፎቶ ቅጂ ናቸው። አንድ በረኛ በአየር ላይ ተዘርግቶ ኳሷን በጣቶቹ ጫፍ ይነካታል። በየፎቶው ግርጌ ያው ስም በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ይመስል ይፈስሳል፤ የመጨረሻው ፊደል እግር ወደ ኋላ ተመልሶ ስሙን ከሥር ያሰምርበታል።

ደምሌ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ባንክ ውስጥ ፊርማ ሲያመሳስል ኖሯል። የከተማው ሰው ፊርማ አይቶ የሰው ልብ የሚያነብ ይመስለዋል። እሱ ግን ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ ከማየት በቀር ሙያ የለውም። ያም ቢሆን ሰልችቶታል። እውነት ነው ሲል ማንም አያመሰግነውም፤ ሐሰት ነው ሲል አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

ነገ የይስሐቅ ረታ ሙት ዓመት ነው። ይስሐቅ በዘመኑ ለጦሩ ቡድን ግብ የጠበቀ፣ ጋይንት ሙሉ ልጄ የሚለው ሰው ነበር። ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ማግሥት ከወገዳ አንዲት ጎልማሳ ሴት ኳስ በፌስታል ይዛ መጣችና ልጁ ነኝ አለች። ቤትም መሬትም አልጠየቀችም። ሙት ዓመቱ ላይ ከልጆቹ ተርታ ተቀምጣ እንደ እነሱ ለቀስተኛ መቀበል ነው የምትፈልገው። ሽማግሎች ተሰበሰቡ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ኳሱ ላይ ወደቀ። ፊርማው የይስሐቅ ከሆነ ትቀመጣለች። ካልሆነ በጠዋቱ መኪና ትመለሳለች፤ ስሙንም ዳግም አታነሣም። ደምሌ እስከ ማታ አይቶ ይፍረድ ተባለ።

ትናንት ሽማግሎቹ ፊት የተባለው አሁንም ጆሮው ላይ አለ።

«ከየት እንዳገኘሽው ንገሪን» ነበር ያሉት የሽማግሎቹ ሰብሳቢ መሪጌታ ስማቸው።

«እናቴ ናት የሰጠችኝ» አለች ማንአለሽ። «ወገዳ ኳስ ሊያሠለጥን የከረመ ጊዜ ነው የተወለድኩት። ክርስትና የተነሣሁ ለት መጣ። በሩን ዘግቶ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ ሲጽፍ ዋለ ብላኛለች።»

ቤቱ ሳቀ። የይስሐቅ የበኩር ልጅ ዘመነ ግን መጀመሪያ አልሳቀም፤ ሌላው እስኪጨርስ ጠበቀ።

«አባቴ አገር ሙሉ ፎቶ ላይ ሲፈርም ኖሯል። ላብ ያጠመቀው እናንተ ቤት ሲደርስ ነው?» አለና እሱም ሳቀ። ከዚያ ወደ ሽማግሎቹ ዞረ። «እኔ እምለው፣ ኳስ ይዞ ለመጣ ሁሉ አባት ልናካፍል ነው እንዴ?»

«አታካፍሉኝ» አለች ማንአለሽ። «አጠገባችሁ አስቀምጡኝ፣ በቃኝ።»

ደምሌ መነጽሩን መልሶ አነሣ። የኳሱ ጽሑፍ ከፎቶዎቹ ጋር በምንም አይገናኝም። ፊደሎቹ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ተለያይተው ቆመዋል። እግራቸው ወፍራም ነው፤ ይንቀጠቀጣሉ። ሐሰት ነው ብሎ መገላገልና ጋቢውን ተከናንቦ መተኛት ይችላል። ነገር ግን አንድ ነገር አላስተኛው አለ። ፊርማ የሚሰርቅ ሰው ዋናውን አስቀምጦ ነው የሚሰርቅ፤ ጥፋቱም አብዝቶ መምሰሉ ነው። ይህ ግን ለመምሰል እንኳ አልሞከረም። የጻፈው ሰው ፎቶውን አይቶ እንደማያውቅ ነው፤ ፎቶው ደግሞ ያልተሰቀለበት ሻይ ቤት አልነበረም።

ኳሱን ወደ መስኮቱ አዞረው። ብርሃኑ በጎን ሲያርፍበት ከፊደሎቹ በላይ አንድ ቀጭን ጭረት ታየው። በሹል ነገር የተሰመረ መስመር ነው፤ ፊደሎቹ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ከሥሩ ተንጠልጥለዋል። እንዲህ ያለ መስመር የት እንዳየ አልጠፋውም። እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም፣ ብራና ላይ ነው። ጸሐፊዎቹ ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ከመንከራቸው በፊት ቆዳውን በወስፌ ያሰምሩታል።

ይስሐቅ ያደገው ቤተ ልሔም ነው። ወታደር ቤት የገባው ዳዊት ከደገመ በኋላ ነው። ስለዚህ የተማረ ነው ተባለ፤ ብዕር ይዞ ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እዚህ አገር ዳዊት የደገመን ሰው እንዲያ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጁ መጽሐፉን በዓይኑና በድምፁ ያውቀዋል፤ ቁም ጽሕፈት ግን ሌላ ሙያ ነው፣ ሌላ መምህር ይፈልጋል።

ደምሌ ከፎቶዎቹ አንዱን አነሣ። የራሱ ነው። ደምሌ ተማሪ ሳለ ይስሐቅ ለዕረፍት መጥቶ፣ ልጆች ከበውት፣ እሱም ፎቶውን ዘርግቶለት ነበር። ሰውየው ተቀብሎ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተውና «ነገ ና» አለው። ሁሉንም «ነገ ና» ነበር የሚላቸው። በማግሥቱ ፎቶው ተፈርሞ ተመለሰ። ደምሌ ያን ጊዜ፣ ትልቅ ሰው የልጅ ነገር ሳይንቅ አስቦበት ይፈርማል ብሎ ነበር።

አሁን የፎቶውን ፊደሎች አንድ በአንድ አያቸው። ክብ ናቸው፣ የጥቁር ሰሌዳ ፊደሎች። እሱ ራሱ እንዲህ ነው የሚጽፈው። አንደኛ ክፍል ያስተማረችው መምህርት ናት እጁን ይዛ እንዲህ ያስለመደችው።

ደስ አላለውም። ፎቶውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

የይስሐቅ ግቢ ድንኳን እየተተከለበት ነው። ሴቶች ክብ ሠርተው ሽንኩርት ይልጣሉ። የድሮ መምህርቱ፣ የይስሐቅ ባለቤት እትዬ የሻረግ፣ ውስጠኛው ክፍል መደብ ላይ እግራቸውን በጋቢ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። በቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ላይ ዛሬም ጠመኔ ያለበት ይመስል በአውራ ጣታቸው ያሹታል።

«ፈተናህን ጨረስክ?» አሉት።

«አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፣ እትዬ።» ፎቶውን ሰጣቸው። «ይህን የተቀበልኩ ለት ትራሴ ሥር አድርጌው ነው ያደርኩ።»

እትዬ የሻረግ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ መልሰው አራቁት።

«አልለቀቀም» አሉ በመጨረሻ። «ጥሩ ቀለም ነበር። ከትምህርት ቤት ነበር የማመጣው።»

ከውጭ አንዱ ገመድ ሳቡ እያለ ይጮኻል።

«ላስተምርህ ብዬው ነበር» አሉ። «በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጭቃ ላይ የሚወድቅ ሰው፣ እኔ ፊት እንደ ሕፃን ሀ ብሎ መጀመር አፈረ። አንቺ አለሽ አይደል ወይ አለኝ። እኔም ምን ልዋሽህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ስሙ በእጄ ነበር።»

«ልጆቹ ያውቃሉ?»

«ከየት አውቀው? ሙያ ነው ብዬ ልንገራቸው?» ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ ገለበጡት። «ያቺ ልጅ ምን አለች? ላብ እስኪያጠምቀው?»

«እንደዚያ ነው ያለችው።»

«ሰማሁ። በሩ ክፍት ነበር። ዘመነ ሲስቅም ሰማሁ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬ ለእኔ አንዲት ፊደል አልጻፈልኝም፣ ደምሌ።»

እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ ቆሞ እንደነበር የገባው ቆይቶ ነው።

«ምን ልበላቸው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?» ፎቶውን እንደተገለበጠ መለሱለት። «ያየኸውን ትላለህ እንጂ።»

ሲመሽ ሽማግሎቹ እዚያው ትናንት የተቀመጡበት ይስሐቅ ቤት ተሰበሰቡ። ዘመነ ሦስቱን ፎቶዎች ከኳሱ ጎን ደረደራቸው። ማንአለሽ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ የጉዞ ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው። ቁጭ በይ ቢሏት አልቀመጥ ብላለች።

«በል እንግዲህ ደምሌ፣ ገላግለን» አሉ መሪጌታ።

«ኳሱ ላይ ያለው የጋሽ ይስሐቅ የእጅ ጽሑፍ ነው» አለ ደምሌ። «ያለ ጥርጥር።»

ማንአለሽ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። ሌላ ምንም አላደረገችም።

«ከፎቶዎቹ ጋር ይገጥማል?» አለ ዘመነ።

«አይገጥምም።»

«አይገጥምም?»

«በፍጹም አይገጥምም።»

«ታዲያ ፎቶዎቹ የማን ናቸው?»

መሪጌታ አንገታቸውን ቀና አድርገው ደምሌን አዩት። ደምሌ ወለሉን ያያል። ይህ መልስ የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ የማን እንደሆነም ያውቃል።

«መልስልን እንጂ ጋሽ ደምሌ» አለ ዘመነ። ድምፁ ቀነስ ብሏል።

የውስጠኛው ክፍል መጋረጃ ተገለጠ። እትዬ የሻረግ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሎቹ ከተቀመጡበት ብድግ ሊሉ ሲሉ በእጃቸው መለሷቸው።

«ኳሱን አምጪልኝ» አሉ።

ማንአለሽ እሷን እንደሆነ ለማወቅ ዘወር ዘወር አለች። ከመጣች ጀምሮ ሲያናግሯት ይህ መጀመሪያው ነው። ኳሱን ከጠረጴዛው አንሥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸውና ወደ በሩ ተመለሰች።

እትዬ የሻረግ ኳሱን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው ጽሑፉን አገኙት። ጣታቸውን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፉ። ከዚያ ተማሪ እንደሚያስቆጥሩ ሁሉ በየፊደሉ ላይ እያረፉ ሄዱ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ስሙ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ጭረቱን አገኘ። በጥፍራቸው ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት።

«እማዬ» አለ ዘመነ።

ቀና አላሉም። ኳሱንም አልመለሱም። ጥቂት ቆይተው ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አሉ፤ ለእግራቸው ምቾት ይሁን ለሰው፣ ከሁኔታቸው አይታወቅም። ከጎናቸው መደቡ ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተከፈተ።

ማንአለሽ ቦታውን አየች። በእሳቸው ጉልበት ላይ ያለውን ኳስ አየች። ነፋሱ ከኋላዋ በሩን ገፋው፤ እሷ ሳትዞር በእጇ ያዘችው።